«የማን ልጅ ነህ?» ሲል ስልኩ፦ ሕፃናትን ከኢንተርኔት እንግዳ መጠበቂያ መመሪያ

የእህቴ ልጅ ሰባት ዓመቱ ነው። ባለፈው ክረምት ደሴ እኛ ቤት ቡና ተፈልቶ ሳለ ከምንጣፉ ዳር ቁጭ ብሎ በእናቱ ስልክ የመኪና እሽቅድምድም ይጫወት ነበር። ጨዋታው ከሌሎች ተጫዋቾች ጋር በድምፅ እንደሚያገናኝ ማናችንም አላወቅንም። አቦሉ ሲቀዳ ከስልኩ ውስጥ የአንድ ጎልማሳ ድምፅ «አንተ ጎበዝ! የማን ልጅ ነህ?» አለ። ልጁ ቀና ብሎ እንደተማረው መለሰ። ስሙን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም ተናገረ። ቤታቸው ከሸዋ በር ዝቅ ብሎ ከወፍጮ ቤቱ ጎን መሆኑን አስረዳ። የትምህርት ቤቱን ስም ጨመረበት። በመጨረሻም ማንም ሳይጠይቀው «አባቴ ሳዑዲ ነው፤ ቤት ያለነው እኔና እማዬ ብቻ ነን» አለ።

እናቱ መጀመሪያ ፈገግ አለች። ልጇ ሳይሽኮረመም አፉን ሞልቶ መመለሱ አኩርቷት ነበር። እኔም ብሆን ስኒውን ይዤ ጥቂት ከቆየሁ በኋላ ነው የነቃሁት።

ልጁ ያጠፋው ነገር የለም። ወሎ ውስጥ እንግዳ ሲመጣ ሮጦ በሩን የሚከፍት፣ ጉልበት ስሞ የማን ልጅ መሆኑን እስከ ቅድመ አያቱ የሚቆጥር ልጅ ይመሰገናል። አፉን ዘግቶ የቆመው «ስድ» ይባላል፤ ወቀሳው ደግሞ ለእናቱ ነው። ስለ ልጆችና ስለ ኢንተርኔት የሚሰጡ ምክሮች አብዛኞቹ «የማያውቀውን ሰው እንዳያነጋግር ይንገሩት» ብለው ያልፋሉ። የእኛ ልጅ ግን የማያውቀውን ሰው በአክብሮት እንዲያነጋግር ሰባት ዓመት ሙሉ ሠልጥኗል፤ በአንድ ዐረፍተ ነገር አይመለስም። የበሩ ደንብ ሌላ፣ የስልኩ ደንብ ሌላ መሆኑን ቁጭ ብሎ ማስተማር ይፈልጋል።

ሥራዬ ስልክ መጠገን ነው። ወደ ሱቄ ከሚመጡት ስልኮች ብዙዎቹ ልጅ የነካካቸው ናቸው፤ «ፓተርኑን ቀየረብኝ»፣ «ቋንቋውን ቻይንኛ አደረገብኝ» የሚል ወላጅ የማላይበት ሳምንት የለም። ከዚህ በታች የጻፍሁት ከአምስት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ላሉ ልጆች ነው። የሚያስፈልግዎ ስልኩ፣ አንድ ያልተጣደፈ ሰዓትና ለንግግሩ የሚሆን አንድ የቡና ጊዜ ነው። አብዛኛው ቤት ስልኩ አንድ ነው፤ እናት፣ ልጅና የጎረቤት ልጅ ይቀባበሉታል። ስለዚህ መመሪያው ለልጁ የራሱ ስልክ እንዳለው አድርጎ አይነሣም።

ከራስዎ ስልክ ይጀምሩ

ወላጅ ሁሉ ከልጁ መጀመር ይወዳል። እኔ ግን ልጁ ከመጠራቱ በፊት የወላጁ ቤት ይጠረግ ባይ ነኝ።

የስልክዎን መክፈቻ ቁጥር ልጅዎ ያውቀዋል? ያውቀዋል። አጠገብዎ ተኝቶ ጣትዎን ሲያይ ኖሯል። ዛሬውኑ ይቀይሩት። የቴሌብርና የባንክ መተግበሪያ የሚስጥር ቁጥርዎም ከመክፈቻው ጋር አንድ ዓይነት ከሆነ፣ ወይም የልጁ የልደት ዓመት ከሆነ፣ እሱንም ይቀይሩ። «ልጄ ገንዘብ አይነካም» የሚሉኝ አሉ፤ ልክ ናቸው፣ ልጁ አይነካም። ነገር ግን በጨዋታ መካከል «ሽልማት ደርሶሃል፣ ቁጥሩን አስገባ» ሲባል እንዳዘዙት ያደርጋል።

ቀጥሎ ፎቶዎቹን ይመልከቱ። ሰኔ ሲመጣ የፌስቡክ ገጻችን የልጆች ካርድ መለጠፊያ ሰሌዳ ይሆናል። ልጁ የደንብ ልብሱን እንደለበሰ ካርዱን ደረቱ ላይ ይዞ ይነሣል፤ ካርዱ ላይ ሙሉ ስሙ፣ የክፍሉ ምድብ፣ ዕድሜውና የትምህርት ቤቱ ማኅተም ይነበባል። ልጁን ለስልክ እንግዳ አትናገር የምንለውን ሁሉ እኛው አስቀድመን በደስታ ነግረናል ማለት ነው። ደረጃ ማውጣቱን ለዘመድ ማብሠር ያምራል፤ ፎቶውን ግን ለአክስትና ለአጎት በግል ይላኩ። የተለጠፉትን ዛሬ ያውርዱ። የካሜራውን «ሴቲንግስ» ከፍተው ፎቶ የተነሣበትን ቦታ የሚመዘግበውን «ሎኬሽን» የሚል ምርጫም ያጥፉት።

ስልኩን ለልጅ ሲሰጡ ቆልፈው ይስጡ

ከማውቃቸው መላዎች ሁሉ ለአንድ ስልክ ቤት የሚስማማው ይኸኛው ነው፤ ከአሥር ወላጅ አንዱ እንኳ ሲያውቀው አላየሁም። አንድሮይድ ስልክ አንዱን መተግበሪያ እንደ ችንካር መትቶ ማስቀመጥ ይችላል፤ ልጁ ከዚያች ጨዋታ ወጥቶ ወደ ቴሌግራምዎ፣ ወደ ፎቶዎ ወይም ወደ ቴሌብር መሄድ አይችልም። አሠራሩ እንዲህ ነው፦

1. «ሴቲንግስ» ይክፈቱ፤ «ሴኩሪቲ» የሚለውን ይጫኑ።
2. ወደ ታች ወርደው «አፕ ፒኒንግ» የሚለውን ይፈልጉና ያብሩት። አንዳንድ ስልክ «ስክሪን ፒኒንግ»፣ ሳምሰንግ ደግሞ «ፒን አፕ» ይለዋል። ካጡት ከላይ ባለው መፈለጊያ «ፒን» የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፉ፤ ይመጣል።
3. ሲወጡ የሚስጥር ቁጥር እንዲጠይቅ የሚያደርገውን ምርጫ እዚያው ያብሩ። ይህን ከዘለሉት ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው፤ ልጁ በሁለተኛው ቀን መውጫውን ያገኘዋል።
4. የፈቀዱለትን ጨዋታ ይክፈቱ። የተከፈቱትን መተግበሪያዎች የሚደረድረውን ቁልፍ ይጫኑ፤ ከጨዋታው ራስ ላይ ያለችውን ትንሽ ምልክት ሲነኩ «ፒን» የሚል ይወጣል፤ እሱን ይጫኑ።
5. ለመውጣት፣ ሦስት ቁልፍ ባለው ስልክ የመመለሻውንና የመደርደሪያውን ቁልፍ አንድ ላይ ተጭነው ይቆዩ። ቁልፍ በሌለው ደግሞ ከታች ወደ ላይ ጠርገው ጣትዎን ሳያነሡ ይቆዩ።

አይፎን ያላቸው «ሴቲንግስ»፣ ቀጥሎ «አክሰሲቢሊቲ»፣ ቀጥሎ «ጋይድድ አክሰስ» ይግቡ፤ ሥራው ተመሳሳይ ነው።

ችንካሩ ልጁን ከመውጣት ይከለክላል እንጂ በጨዋታው ውስጥ ያለውን ድምፅ አይዘጋም። የእህቴን ልጅ ያገኘው ሰው የመጣው በዚያው በጨዋታው ውስጥ ነው። ስለዚህ «ሴቲንግስ»፣ «አፕስ»፣ ከዚያ የጨዋታውን ስም፣ ከዚያ «ፐርሚሽንስ» ገብተው ማይክሮፎኑንና ካሜራውን «ዶንት አላው» ያድርጉት። የጨዋታው ባለቤት የፈለገውን ያህል ቢሞክር ማይክሮፎን ከሌለው ልጁን ሊሰማው አይችልም። የጽሑፍ መልእክት መቀባበያ ካለው ግን ይህ አይዘጋውም፤ ማንበብና መጻፍ ለጀመረ ልጅ እንዲህ ያለ ጨዋታ ባይጫን ይሻላል። ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩ ጨዋታዎች ሞልተዋል። ለአምስትና ለስድስት ዓመት ልጅማ ዳታ ማጥፋትን የሚበልጥ ማጣሪያ አላውቅም፤ ብርም ይቆጥባል።

የቀሩትን በፍጥነት ልለፋቸው። ፕሌይ ስቶር ውስጥ የመገለጫ ምስልዎን ነክተው «ሴቲንግስ»፣ «ፋሚሊ»፣ «ፓረንታል ኮንትሮልስ» ይግቡ፤ የራሱ ቁጥር ይስጡትና በዕድሜ ይገድቡት። ዩቲዩብ ውስጥ ደግሞ «ሪስትሪክትድ ሞድ» የሚለውን ያብሩ፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላውን በራሱ የሚያስከትለውን «አውቶፕሌይ» ያጥፉ። ማጣሪያው በእንግሊዝኛ የሚነገረውን በመጠኑ ይይዛል፤ በአማርኛ የሚነገረውን ስድብና ብልግና ግን እኔ ባየሁት ብዙ ጊዜ ያሳልፈዋል። እሱን ተማምነው ጓዳ አይግቡ።

ቴሌግራም የእኛ አገር ትልቁ በር ስለሆነ ጥቂት ልቆይበት። «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ» ውስጥ ገብተው ስልክ ቁጥርዎን «ኖባዲ» ያድርጉ፤ ወደ ቡድን ሊያስገባዎ የሚችለውንና ሊደውልልዎ የሚችለውን «ማይ ኮንታክትስ» ያድርጉ። «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» ያብሩ። ከዚያ «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ» ውስጥ ፎቶና ቪዲዮ በራሱ እንዲወርድ የሚያደርገውን፣ ወደ ስልኩ ፎቶ ማስቀመጫ የሚያስገባውንም ያጥፉ። ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ አባት የሰፈር ዕድር ቡድን መስሎት የገባበት ቡድን በሌሊት ሌላ ነገር ይለጥፍ ነበር። ቪዲዮው ሁሉ በራሱ እየወረደ፣ ጠዋት ሴት ልጁ የድመቷን ፎቶ ስትፈልግ አብሮ ተደርድሮ አገኘችው።

የልደት ዘመን፦ ሰባት ዓመት የሚያስረጅ ስሕተት

ቲክቶክና ፌስቡክ ከ13 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይፈቅዱም። ቲክቶክ ከ16 ዓመት በታች ያለውን ተጠቃሚ ገጹን ከመነሻው ለሌላ ሰው ዝግ ያደርግለታል፤ የግል መልእክት መቀባበልም አይፈቅድለትም። እነዚህ አጥሮች በአብዛኛው የሚቆሙት ሲመዘገብ በተሞላው የልደት ዘመን ላይ ነው።

አሁን የእኛን ነገር ይመልከቱ። ልጁ የተወለደው በ2008 ነው እንበል። መመዝገቢያው የትውልድ ዓመት ሲጠይቀው ሊዋሽ ሳይፈልግ፣ እናቱ እንደነገረችው፣ «2008» ብሎ ይሞላል። መተግበሪያው የሚያውቀው የአውሮፓን አቆጣጠር ነው፤ ስለዚህ ልጁን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያስረጀዋል። የዘጠኝ ዓመቱ ሕፃን በመዝገብ ላይ የ16 ወይም የ17 ዓመት ጎረምሳ ይሆናል። ዕድሜው አልደረሰም ተብሎ መከልከል የነበረበት ልጅ ይገባል፤ ከገባም በኋላ ከ16 ዓመት በታች ላለ ታዳጊ የተበጀው ጥበቃ ይነሣለታል። ማስታወቂያውም ለጎረምሳ የሚታየው ነው። በሱቄ ያየኋቸው «ዕድሜውን የዋሹ» ልጆች ብዙዎቹ ዋሽተው አያውቁም፤ እውነቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው የተናገሩት።

ማስተካከያው ቀላል ነው። ልጁ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛው ሳምንት ገደማ ከተወለደ በዓመቱ ላይ 7 ይደምሩ፤ ከዚያ በኋላ ከተወለደ 8 ይደምሩ። የጉግል አካውንቱንም፣ የጨዋታውንም፣ ሌላውንም አንድ በአንድ ከፍተው የተሞላውን ይመልከቱ። ተስተካክሎ «ዕድሜው አልደረሰም» ብሎ ከዘጋው ይዝጋው። «ጓደኞቹ ሁሉ አላቸው» ብሎ ዓመት የሚጨምር ወላጅ አጥሩን በገዛ እጁ እየነቀለ ነው።

ሜሞሪ ያለ ኢንተርኔት የሚመጣ ኢንተርኔት ነው

በዚህ ላይ የሙያዬን ገመና ልናገር። በ2015 መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ ብዙ ወላጅ ቢያንስ ልጆቹ ተረፉ ብሎ ነበር። እኛ ሱቆች ውስጥ ግን ሜሞሪ ማስጫን ደራ። «32 ጊጋ ነው፣ ያለህን ሁሉ ጫንልኝ» ይባላል፤ ጫኚው ደግሞ ከጎረቤት ሱቅ የገለበጠውን፣ ያም ከኮምቦልቻ የመጣለትን፣ ሳይለይ ይገለብጣል። ውስጡ ያለውን ሁሉ አይቶ የሚጭን ባለሱቅ አላውቅም፤ እኔም አላየውም ነበር። ድራማውና መንዙማው፣ መዝሙሩና ዘፈኑ፣ ሕፃን ሊያየው ከማይገባው ጋር በአንድ ፎልደር ይሄዳል። ልጆቹም ከስልክ ወደ ስልክ በዜንደር ይቀባበሉታል።

ስለዚህ ሜሞሪ ሲያስጭኑ ከባለሱቁ አጠገብ ይቁሙና የሚፈልጉትን በስም ይጥሩ። «ሁሉንም» አይበሉ። ቤት ሲደርሱ ልጁ ከማየቱ በፊት ፎልደሮቹን አንድ ጊዜ ያገላብጡ። ጨዋታም በዜንደር ስለሚተላለፍ የፕሌይ ስቶሩ ገደብ አይይዘውም፤ «ሴቲንግስ» ውስጥ «ኢንስቶል አንኖውን አፕስ» የሚለውን ፈልገው ለሁሉም ይዝጉ።

የበሩ ጨዋታ

እስካሁን የሠራነው አጥር ነው። ልጁ ደግሞ ነገ በጎረቤት ልጅ ስልክ፣ ከነገ ወዲያ ሐይቅ ሄዶ በአክስቱ ልጅ ስልክ ይጫወታል፤ እዚያ የእኛ አጥር የለም። አብሮት የሚሄደው አፉ ላይ ያለው መልስ ነው።

ጊዜው የቡና ሰዓት ይሁን፤ ሁሉም አለ፣ ማንም አይጣደፍም፣ ቆሎውም ይቀርባል። ልጁን ለብቻው ጠርተው «ና እስቲ እዚህ ተቀመጥ» አይበሉት፤ የተቆጣ ሰው ንግግር ነው፣ ገና ሳይጀምሩ ጆሮውን ይዘጋል። እኛ ቤት እንዲህ ነው ያደረግነው። እኔ መጀመሪያ በር ላይ ቆሜ አንኳኳሁ። የእህቴ ልጅ ከፈተ።

«ደህና ዋላችሁ። የማን ልጅ ነህ ጎበዝ?»

ስሙን ከነአያቱ ነገረኝ። አጨበጨብንለት። ከዚያ ጓዳ ገብቼ ለእናቱ ስልክ ደወልሁና ድምፄን አጎርንኜ ያንኑ ጠየቅሁት። ያንኑ መለሰ። ወጥቼ ጠየቅሁት፦ «በሩ ላይ ማን ነበር?» «አንተ።» «በምን አወቅህ?» «አየሁሃ!» «በስልኩስ ማን ነበር?» ትንሽ ዝም አለ። «አንተ… አላየሁም።»

ይህን ዝምታ ይጠብቁ፤ አይሙሉለት። ልዩነቱን ራሱ እንዲያገኘው ይተዉት። በር ላይ የቆመውን ሰው እማዬም ታየዋለች፣ ጎረቤትም ያየዋል፤ በስልክ ውስጥ ያለውን ግን ማንም አላየውም፣ ፎቶውም የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። ደንቡን ከዚያ በኋላ በአጭሩ ይስጡት፦ ላላየኸው ሰው ስምህን፣ ሰፈርህን፣ ትምህርት ቤትህን፣ ቤት ውስጥ ማን እንዳለና እንደሌለ አትናገርም፤ ፎቶህንም አትልክም።

ግን አትናገር ማለት ብቻውን ለእኛ ልጅ አይበቃም። ታላቅን ዝም ማለት ነውር ነው ተብሎ ያደገ ልጅ፣ በዝምታና በመልስ መካከል የሚይዘው ጨዋ ቃል ካልተሰጠው ተጨንቆ ይናገራል። ቃሉን ይስጡት። የእኛው «እማዬን ልጥራት» የሚል ነው። ይህን ይልና ስልኩን በግንባሩ ደፍቶ ወደ እናቱ ይዞ ይሄዳል። አልተሳደበም፣ አልዋሸም፣ ታላቅንም አልናቀም። ሃያ ጊዜ ያህል ተለማመድነው፤ እየሳቀ፣ እኔም ድምፄን እንደ አሮጊት፣ እንደ ፖሊስ፣ እንደ እኩያው ሕፃን እየለዋወጥሁ።

በቶናውና በበረካው ጨዋታውን ቀየርን። በቶናው እንግዳው ስጦታ ይዞ መጣ፦ «ካርድ ልሙላልህ?»፣ «ለጨዋታህ አልማዝ ልላክልህ፣ ስልኩ ላይ የመጣውን ቁጥር ብቻ ንገረኝ።» በአጭር መልእክት የሚመጣ ቁጥር ለማንም አይነበብም፤ የእናቱ ቴሌግራም የሚሰረቀው በዚያች ቁጥር ነው። በበረካው ደግሞ እንግዳው «ለእናትህ እንዳትነግራት፣ የእኔና የአንተ ሚስጥር ነው» አለ። ለልጄም ለእህቴ ልጅም ከሁሉ አጥብቄ የነገርኋቸው ይህን ነው፦ «እንዳትነግራት» የሚል ቃል ከሰማህ ወዲያው የምትነግራት ነገር መጥቷል። የልደት ስጦታን መደበቅ ሌላ ነው፤ እሱ ነገ ይገለጣል፣ ሁሉም ይስቃል። መቼም አይገለጥ የተባለው ሚስጥር ነው የሚያስፈራው።

የቤት ቃል

ወሎ ውስጥ በውጭ አገር ዘመድ የሌለው ቤት ጥቂት ነው። ከጂዳ፣ ከሪያድ፣ ከቤይሩት በኢሞና በዋትስአፕ ይደወላል፤ ቁጥሩም ቶሎ ቶሎ ይቀያየራል። «አክስትሽ ነኝ፣ ስልኬ ጠፍቶ በሰው ስልክ ነው» የሚል ድምፅ ለእኛ ልጅ የተለመደ ነው። አታላይም ይህን ያውቃል፤ ድምፅ አስመስሎ መናገርም በኮምፒውተር ቀላል ሆኗል።

መድኃኒቱ ቤተሰቡ ብቻ የሚያውቀው አንድ ቃል ነው። በአካል ስትገናኙ ወይም በምታውቁት ቁጥር ተነጋገሩበት፤ በጽሑፍ አትላኩት። ያልታወቀ ቁጥር ሲደወል ልጁ ቃሉን ይጠይቃል። የእኛ ቃል የሴት አያቴ ላም ስም ነው። ላሟ ከሞተች ቆይታለች፤ ስሟን እዚህ እንደማልጽፈው ይገባዎታል።

ልጁ መጥቶ ሲነግርዎ

ልጄ ስምንት ዓመቷ ሳለ አንድ ቀን አንድ አስቀያሚ ቪዲዮ ይዛ መጥታ «አባዬ ይኼ ምንድን ነው?» አለችኝ። ደነገጥሁ፤ ድንጋጤዬ በጩኸት ወጣ። ስልኩን ነጥቄ ቁም ሣጥን ላይ ሰቀልሁት። ለሁለት ወር ያህል ዝም አለች፤ እኔም ገባት ብዬ ነበር። ኋላ እንደተረዳሁት በእነዚያ ሁለት ወራት በጎረቤት ልጅ ስልክ የበለጠ አይታለች፣ ፈርታለች፣ ሌሊት ስትባንን እናቷ ሕልም መስሏት ነበር። ከእኔ የተማረችው መደበቅን ነው። አሁንም ሳስበው ፊቴ ይቃጠላል።

ስለዚህ ልጁ ሲመጣ የመጀመሪያው ቃልዎ «አብሽር» ይሁን፤ ለሴት ልጅ «አብሽሪ»። ሌላ አይጨምሩ። ስለነገረዎ አመስግኑት። ስልኩን ያን ቀን አይንጠቁት፤ ልጅ የሚያየው ቅጣቱን ነው፣ መናገሩ እንዳስቀጣው ይቆጥራል። አስቀድመውም፣ ምንም ሳይፈጠር፣ «ምንም ብታይ፣ አንተ ጥፋተኛ ብትሆን እንኳ፣ ከነገርኸኝ አልመታህም» ብለው ቃል ይግቡለት። ቃሉን መጠበቅ ከባድ ነው፤ ከእጅዎ ጋር ይታገላሉ።

ከዚያ በኋላ የሚሠራው ሥራ አለ። ሰው አስፈራርቶት፣ ፎቶ ጠይቆት ወይም አባብሎት ከሆነ መልእክቱን ከመናደድ የተነሣ አያጥፉት፤ ማስረጃ ነው። የሰውየውን የመለያ ስምና መልእክቶቹን የስክሪን ፎቶ ያንሡ፤ አይመልሱለት፣ አይስደቡት፣ ገንዘብ ቢጠይቅ አይክፈሉት፤ የከፈለ ሰው ዳግመኛ ይጠየቃል። ከዚያ «ሪፖርት» አድርገው ይዝጉት። የልጅ እርቃን ምስል ካለበት ግን ነገሩ ይለያል። ለዘመድ ለማሳየት፣ ለጎረቤት ለማስጠንቀቅ ብለው እንኳ ወደ ሌላ ስልክ አይላኩት፣ አይቅዱት። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 እንዲህ ያለውን የልጅ ምስል ማሰራጨትንና ይዞ መገኘትን በወንጀል ያስቀጣል፤ ልጅን ለእንዲህ ያለው ድርጊት የሚያባብለውም በዚያው አዋጅ ይጠየቃል። ስልኩን ራሱን ይዘው ወደ ቅርብዎ ፖሊስ ጣቢያ ይሂዱ፤ የወረዳውን የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤትም ያማክሩ። ልጁን እየደጋገሙ እንዲተርክ አያድርጉት። ነገሩ ለጎረቤት ቡና ወሬም አይደለም።

ከአያት ጋር ለሚያድጉ

ተንታ፣ ወረባቦ ወይም አምባሰል እናታቸው ዓረብ አገር ሆና አያታቸው የሚያሳድጓቸው ልጆች ብዙ ናቸው። ስልኩን እናት ልካዋለች፤ የሚከፍተው፣ የሚያነበው፣ ካርድ የሚሞላው ልጁ ነው። ለእማማ «ሴቲንግስ ይግቡ» ማለት ቀልድ ነው። ለእሳቸው ሁለት ደንብ ይበቃል። አንደኛ፣ ስልኩ ጓዳ አይገባም፤ ልጁ ሲጫወት እሳቸው ባሉበት፣ ድምፁ ተከፍቶ ይሁን። የሚነገረውን ቃል ሁሉ ባይሰሙትም የልጁ ፊት ሲለወጥ ያያሉ። ሁለተኛ፣ እናት የምትደውልበት ሰዓት ይታወቅ፤ ዓርብ ከጁምዓ መልስ ወይም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ። ከዚያ ውጭ የሚደውለው ሰው ቃሉን ይጠየቃል። ከላይ የተዘረዘረውን የስልክ ሥራ በዓል ሲመጣ ከከተማ የሚወጣው አጎት ወይም አስተማሪው ይሥራላቸው፤ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ይሞክሩት

ልጁ የተማረውን መያዙን የሚያውቁት በጥያቄ አይደለም። ድምፁን የማያውቀው የሥራ ባልደረባዎ ወይም ጓደኛዎ እንዲደውልለት ያድርጉ። አስቀድመው «አንድ ቀን እሞክርሃለሁ» ብለው ይንገሩት፤ ሳይነግሩ ማጥመድ መተማመኑን ያበላሻል። ከወደቀም አይሳቁበት።

እኛ ባለፈው ሳምንት ሞከርን። የሱቄ ጎረቤት ደወለ። ልጄ ቃሉን ጠየቀችው፤ ሲያጣው «እማዬን ልጥራት» ብላ ስልኩን ደፋችው። የእህቴ ልጅም ስሙን አልተናገረም፣ ሰፈሩንም አልተናገረም፣ የላሟንም ስም ጠየቀ። ደዋዩ «እሺ፣ ታዲያ እማዬን ጥራልኛ» ሲለው ግን «እማዬ ኮምቦልቻ ሄዳለች፤ ማታ ነው የምትመጣው» አለው።

ቅዳሜ ቡና ስናፈላ ከበሩ ጨዋታ እንደገና እንጀምራለን።